የ1960ዎቹ የአውሮራ ተንደርጄት ቦዲዎች፦ የተሰነጠቀ የብሎን ምሰሶና የተቆረጠ ፓራፋንጎ እንዴት ይጠገናል?

የሜሪላንዱ ጠያቂ

ለተከበራችሁ የጥቃቅን መኪኖች ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ባለፈው ወር ጋራዣቸውን ሲያጸዱ ላግዛቸው ሄጄ፣ ከአንድ የብረት መሣሪያ ሣጥን ሥር ሦስት ስሎት ካሮች አገኘን። ለማያውቃቸው አንባቢ ለማስረዳት፣ ስሎት ካር ከሻንሲው ሥር የወጣች አጭር ዘንግ በትራኩ ላይ በተበጀ ቦይ ውስጥ ገብታ የምትመራው፣ ኤሌክትሪኩንም ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉ ሁለት ቀጭን የብረት መስመሮች የሚያገኝ የመወዳደሪያ አሻንጉሊት መኪና ነው። እነዚህ ሦስቱ፣ ዌስት ሄምፕስቴድ ኒው ዮርክ የነበረው የአውሮራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 ማውጣት የጀመረው የተንደርጄት 500 ዓይነት ሲሆኑ፣ አዛውንቱ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በምድር ቤታቸው ያሽቀዳድሟቸው እንደነበር ነግረውኛል። ሞተሮቹ በጥቂት ጽዳትና በአንድ ጠብታ ዘይት ተነሥተው ሠርተዋል። የቸገረኝ ቦዲው ነው።

አንደኛው ፎርድ ጂቲ 40 ነው። ቦዲው ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ከፊትና ከኋላ ባሉ ሁለት ብሎኖች ሲሆን፣ የኋለኛው ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እኔም ሳላጠና ሱፐር ግሉ አፍስሼበት፣ በሁለተኛው ቀን ብሎኑን ሳጠብቅ በዚያው ቦታ እንደገና ተከፈተ፤ ይባስ ብሎም መስታወቱ በአንድ ሌሊት ጉም የለበሰ ይመስል ነጭ ሆኖ አደረ። ሁለተኛው ቀይ ኮርቬት ስቲንግ ሬይ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ በሰፊ ጎማ ሲለወጡ እንዲያልፉ ተብሎ ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎ ቅስት በግራም በቀኝም ተቆርጧል፤ ጠርዙም የተጎረደ እንጨት ይመስላል። ሦስተኛው ማስታንግ ሲሆን፣ አንድ ሰው በወፍራም ብሩሽ የቤት ግድግዳ ቀለም የሚመስል ሰማያዊ ቀለም ደራርቦ ቀብቶታል፤ በተላላጠው በኩል ሲታይ የሥረኛው ፕላስቲክ ነጭ ነው። የፊት ፓራውልቱም የብር ልባሱ ግማሽ በግማሽ ተነሥቷል።

አዛውንቱ መኪኖቹን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ አስበዋል፤ እኔም ሥራውን በቅንነት ተቀብያለሁ። እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ ለምሰሶው የሚበጀው ማጣበቂያ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የተቆረጠውን ቅስት የመኪና ጥገና ቤቶች በሚጠቀሙበት ስቱኮ ሞልቼ ብቀባው ያዋጣ እንደሆነ፣ ሰማያዊውንም ቀለም ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ሳልጎዳ በምን ላነሣው እንደምችል ነው። ስለ ትብብራችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ተንደርጄት ሰብሳቢ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡት ለመመለስ አያስቸግርም። እኔ ስለ ምሰሶውና ስለ መስታወቱ እጽፋለሁ፤ ስለ ፓራፋንጎው ከእኔ የተሻለ እጅ ያላቸው ሰዎች እዚህ አሉ።

ከሁሉ በፊት ሱፐር ግሉን ያቁሙ። ሱፐር ግሉ በሁለቱ ስባሪዎች መካከል እንደ ቀጭን ብርጭቆ ደርቆ የሚቀር ነገር ነው፤ ጠንካራ ቢመስልም አይለጠጥም። ብሎን ደግሞ ወደ ፕላስቲክ ምሰሶ በገባ ቁጥር ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ ያ ብርጭቆ መሰል ንጣፍ በመጀመሪያው ጥብቀት መሰንጠቁ አይቀርም። እርስዎ የሚያስፈልግዎ ፕላስቲኩን ከራሱ ጋር የሚበይድ ፈሳሽ ነው። የተንደርጄት ቦዲ ፖሊስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ለሞዴል ሠሪዎች የሚሸጠው እንደ ውኃ የቀጠነ ማጣበቂያ ደግሞ በመሠረቱ ማጣበቂያ ሳይሆን አሟሚ ነው። ሁለቱን ፊቶች ለጥቂት ሰከንዶች ያለሰልሳቸዋል፣ እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፣ አሟሚው ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር በመካከላቸው አይኖርም፤ ብርታቱም ከዚህ ይመጣል።

የፕላስቲኩን ዓይነት ለማረጋገጥ ከቦዲው ውስጠኛ ገጽ በማይታይ ሥፍራ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ ያኑሩና ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በመርፌው ይንኩት። ለስልሶ የሚለጠፍ ከሆነ ይበየዳል። የተሰበረች ፍንካች ካለችዎ ደግሞ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ውኃ ውስጥ ይጣሏት፤ ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ፕላስቲኮች ይንሳፈፋሉ፣ ፖሊስታይሪን ይሰምጣል። የሚንሳፈፉት በዚህ ፈሳሽ ፈጽሞ አይበየዱም። ይህን የምለው በሣጥን ውስጥ ከተደባለቁ ቁርጥራጮች መካከል ለጥገና የሚሆነውን ለመለየት ስለሚጠቅም ነው።

ስለ ፈሳሹ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀድሞ ብዙዎቻችን ዳይክሎሮሜቴን ያለበትን እንጠቀም ነበር፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ይህን ኬሚካል ለቤት ተጠቃሚ መሸጥን ከልክሏል፤ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ስለሆነም ከድሮ የተረፈ ጠርሙስ ቢያገኙ እንኳ አይክፈቱት። ሜቲል ኢቲል ኪቶን ያለበት ይበቃዎታል። እርሱም ቢሆን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ተኑም ራስ ያዞራል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃ ርቆ መሠራት አለበት።

አሁን ወደ ምሰሶው። የቀረውን ሱፐር ግሉ በአሴቶን ለማንሣት እንዳይሞክሩ፤ አሴቶን ሱፐር ግሉን ከማሟሟቱ በፊት ምሰሶውን ያሟሟዋል። ሱፐር ግሉ ተሰባሪ ስለሆነ በስለታም ምላጭ ጫፍ ቀስ እያሉ ቢፈነቅሉት በቅርፊት መልክ ይነሣል። ቀጥሎ ቦዲውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፣ የስንጥቁንም ውስጥ በአልኮል በነካ ቀጭን ብሩሽ ይጥረጉት። ይህ ደረጃ እንደ ተራ ነገር መታለፍ የለበትም። ለስድሳ ዓመታት ከማርሾቹ የተረጨው ዘይት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ዘይት ባለበት ደግሞ ብየዳ የለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለቴም የተከፈተብኝ ምሰሶ ነበረኝ፤ ምክንያቱም ዘይቱ ብቻ ነበር።

ሲደርቅ ስንጥቁን በቀጭን መቆንጠጫ ያስጠጉትና በእጅግ ቀጭን ብሩሽ ጥቂት ፈሳሽ ከስንጥቁ አፍ ላይ ያስነኩት። ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ስንጥቁ ራሱ እንደ ክር ስቦ ይወስደዋል። አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው ምሰሶውን ዳግም እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው፦ ለሞዴል ሥራ ከሚሸጠው ቀጭን የፖሊስታይሪን ቱቦ በምሰሶው ላይ ልክ የሚገባውን መርጠው እንደ ቀለበት ያልብሱትና እርሱንም ይበይዱት። ልክ የሚሆን ቱቦ ካጡ፣ ጠበብ ያለውን በርዝመቱ ሰንጥቀው መጠቅለል ይቻላል። ቀለበቱ ከምሰሶው ጫፍ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ሻንሲው የሚያርፈው በጫፉ ላይ በመሆኑ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጨምር ቦዲው ከጎማዎቹ በላይ ተነሥቶ መልኩን ያጣል።

የብሎኑ ቀዳዳ ጥርሱ አልቆ ከሆነ በፖሊስታይሪን ዘንግ ሞልተው፣ ሦስት ቀን አድርቀው፣ ከብሎኑ በቀጠነች ፑንታ በእጅ እያሽከረከሩ ይብሱት። የኤሌክትሪክ መብሻ ፕላስቲኩን አሙቆ ያቀልጠዋል። ብሎኑን ሲመልሱ ደግሞ ካቻቪቴውን በመጀመሪያ ወደ ግራ ያዙሩት፤ ብሎኑ ወደ ቀድሞው ጥርስ ሲወድቅ በጣትዎ ትንሽ ዝቅታ ይሰማዎታል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። በተገኘበት የሚገባ ብሎን አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ምሰሶውን ያዳክማል። ሻንሲውን እንደነካም ይቁሙ። ቦዲው በትንሹ ቢነቃነቅ ምንም አይደለም፣ በውድድር የሚያስሮጧቸው ሰዎችም ሆን ብለው ላላ ያደርጉታል።

መስታወቱ ላይ ያረፈው ነጭ ጉም ከሱፐር ግሉ የተነሣ ተን ደርቆ የቀረ ነው፤ ከላይ የተቀመጠ እንጂ ወደ ውስጥ የገባ አይደለም። መስታወቱ በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው፣ ለፕላስቲክ መወልወያ ከሚሸጠው እጅግ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 3200 ጀምረው እስከ 12000 ድረስ በውኃ እያራሱ ያለስልሱት፤ በመጨረሻም በፕላስቲክ መወልወያ ይጨርሱት። እንቢ ካለ አያስገድዱት፤ ከቦዲው ጋር እንዳለ በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር መሥራት ይቻላል። መልሰው ሲያጣብቁት ነጭ የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ተንም የለውም።

የቀድሞ ባትላሜራ

እኔ በአዲስ አበባ ለአሥራ አንድ ዓመታት በባትላሜራ ሥራ ቆይቻለሁ፤ አሁን በቨርጂኒያ በሌላ ሥራ እየኖርኩ ጥቃቅን ቦዲዎችን መጠገን የዕረፍት ጊዜዬ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ስለ ስቱኮ የተጠየቀውን ጥያቄ ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመኪና ስቱኮ በዚህ ቦዲ ላይ አያድርጉ። አንደኛው ምክንያት ኬሚካላዊ ነው፤ ፖሊስተር ስቱኮ ውስጥ ያለው ስታይሪን የሚባለው ፈሳሽ ለፖሊስታይሪን አሟሚው ስለሆነ፣ እንደ ወረቀት የሳሳውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ገና ሳይደርቅ ሊያጣምመው ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት በትልቁም መኪና ላይ የምናውቀው ነው። ጥሩ ባትላሜራ የተቦደሰ ቆርቆሮ ሲያጋጥመው ቀዳዳውን በስቱኮ አይሞላም፤ የዛገውን ቆርጦ አውጥቶ በልኩ ቆርቆሮ በይዶ፣ ስቱኮውን እንደ ቆዳ በስሱ ብቻ ያሳልፍበታል። ከኋላው ደጋፊ የሌለው ስቱኮ ሲደርቅ ያማረ ይመስላል፣ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ጉድጓድ ሲመታ ግን ተፈንቅሎ ይወድቃል። ስሎት ካርም ከትራኩ በየዙሩ እየወጣ የሚጋጭ ነገር ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ስቱኮ ያረፈበት ቦታ የግድ መቀባት አለበት፤ እርስዎ የያዙት ቀይ ቦዲ ግን ቀይ የሆነው ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ሆኖ ስለተቀዳ ነው። በላዩ ላይ ቀለም ሲያሳልፉበት የፋብሪካው ገጽ ለዘለዓለም ይሸፈናል፣ በሮቹን የሚለዩት ጥቃቅን መስመሮችም ይሞላሉ።

ታዲያ መፍትሔው እንደ ቆርቆሮው መቁረጥና መበየድ ነው። ጣሪያው የተሰበረ ወይም ፊቱ የጎደለ፣ የኋላ ቅስቱ ግን ደኅና የሆነ ሌላ ስቲንግ ሬይ ቦዲ ይፈልጉ፤ እርሱን ለጋሽ ቦዲ እንበለው። ቀለሙ ቀይ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የአውሮራ ቀለሞች ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ስለሚለያዩ በፀሐይ ብርሃን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ማስተያየት ያስፈልጋል። በዚህ ዘመን እንደገና የተመረቱ ተመሳሳይ ቦዲዎች ለዚህ አይሆኑም፤ ቅርጹ ቢቀርብም ቀለሙና የፕላስቲኩ አንጸባራቂነት ይለያያሉ።

ከዚያ የመጋጠሚያውን መስመር ይምረጡ። የስቲንግ ሬይ ጎን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከጎማዎቹ በላይ ወገቡን ዞሮ የሚሄድ ስለታም እጥፋት አለው፤ ትልቁ መኪና ላይ ያለው እጥፋት በትንሹም ላይ አለ። መጋጠሚያው በዚያ እጥፋት ላይ ካረፈ ዓይን አይለየውም፤ በሜዳው ገጽ መካከል ካረፈ ግን የቱንም ያህል ቢለሰልስ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። ከለጋሹ ቦዲ ከሚፈለገው በለጥ አድርገው ይቁረጡ፣ በኋላ እየሞረዱ ወደ ልኩ ያድርሱት። ትንሽ የቆረጠ ሰው መመለሻ የለውም። ሁለቱ ጠርዞች ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን መታየት የለበትም። ሲበየዱም ከውስጥ በኩል ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስታይሪን ቁራጭ ደግፈው ያልብሱት፤ ጎማው እንዳይነካው ግን አስቀድመው ሻንሲውን አስገብተው ይለኩ።

የቀረችውን የፀጉር ያህል ክፍተት ለመሙላት የራሱን ፕላስቲክ ይጠቀሙ። ከለጋሹ ቦዲ በምላጭ ዱቄት የሚመስል ፍቅፋቂ ያጠራቅሙ፣ በትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከብየዳ ፈሳሹ ጋር እንደ ማር እስኪወፍር ይተዉት። በዚህ የተሞላ ክፍተት ቀለሙ ከዙሪያው ጋር አንድ ነው። ነገር ግን አሟሚው ሲተን እየሰመጠ ስለሚሄድ ከገጹ ትንሽ ከፍ አድርገው መሙላት አለብዎት፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይነኩ መጠበቅ። ቸኩሎ ያለሰለሰው ሰው ዛሬ ልሙጥ ሆኖ ያየውን ሥራ በወሩ ቦይ ሠርቶ ያገኘዋል። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀቱን በጠንካራ ነገር ላይ ጠቅልለው በውኃ እያራሱ ከ600 ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 2000 ይሂዱ፤ የቅስቱን ውስጥ ለማስተካከል ደግሞ ልኩን በሚመጥን ክብ ዘንግ ላይ መጠቅለል ይሻላል። በጣት ብቻ የተለሰለሰ ቅስት ሞላላ ይሆናል።

የአሮጌ ዕቃ ጠባቂ

ከላይ የጻፉት ሁለቱ ወንድሞች ስለ ሥራው የተናገሩት ትክክል ነው፤ እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ወደ መቁረጥ የተሄደ ስለመሰለኝ ላነሣው እወዳለሁ። ያ የተቆረጠ ቅስት ጉዳት ነው ወይስ የመኪናው ታሪክ አካል?

በ1960ዎቹ ልጆች መኪኖቻቸውን ለመደርደሪያ አልገዟቸውም። ሰፋ ያለ ጎማ ጥምዝ ላይ የበለጠ ይይዛል፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ከጠባቡ ቅስት ሥር አይገባም፤ ስለዚህ በብዙ ቤት በሞረድ ወይም በጋለ ቢላ ቅስቱ ይቆረጥ ነበር። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ቦዲ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ቢያዩትም፣ እርስዎ የያዙት ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ አይደለም። የቆረጠው ሰው ምናልባት በሕይወት አለ፣ በአጥር ማዶ ይኖራል፣ ሊጠየቅም ይችላል። ለአንድ ቅስት ሲባል ሌላ አሮጌ ቦዲ መቆረጡም ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰበረ ቢሆንም እርሱም ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው። ስለዚህ ምላጭ ከማንሣትዎ በፊት አዛውንቱን ይጠይቋቸው። የምሰሶው ጥገና ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ካልተጠገነ መኪናው አይሄድም፣ የተጠገነበትም ቦታ ከውጭ አይታይም።

ወደ ማስታንጉ ስመጣ፣ የግድግዳ ቀለም ከሆነ 91 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለሰልሰዋል፣ ፖሊስታይሪኑንም ለአጭር ጊዜ አይጎዳውም። አሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና ቲነር ከዚህ ጠረጴዛ ይራቁ። መስታወቱንና ፓራውልቶቹን አስቀድመው ያውጡ። የፓራውልቱ ብር በሥሩ ቫርኒሽ ባለው ፕላስቲክ ላይ የተነፋ እጅግ ሥሥ የአሉሚኒየም ልባስ ሲሆን፣ አልኮል ቫርኒሹን ሊያነሣው ይችላል፤ በረኪና ደግሞ አሉሚኒየሙን በደቂቃዎች ውስጥ ይበላዋል። ቦዲውን በክዳን በሚዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያጥልቁት፣ በየግማሽ ሰዓቱ አውጥተው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሞክሩት። አንዳንድ ቀለም ነጩን ፕላስቲክ አቅልሞት ስለሚቀር ፍጹም ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ለፓራውልቱ ሦስት መንገድ አለ፦ እንዳለ መተው፣ በተመሳሳይ ቅርጽ አሁን የሚሠራውን ገዝቶ የቀድሞውን በፖስታ ውስጥ አሽጎ ከመኪናው ጋር ማኖር፣ ወይም በፈሳሽ ክሮም እስክሪብቶ መንካት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው የተሻለ ዘዴ ቢያገኝ የቀድሞው ሳይነካ ይጠብቀዋል። እስክሪብቶውን ከመረጡ ግን በላዩ ላይ ቫርኒሽ አያሳልፉ፤ ወዲያው ግራጫ ያደርገዋል።

የሜሪላንዱ ጠያቂ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የምጽፈው የነገራችሁኝን አንድ በአንድ ስሠራ ስለቆየሁ ነው።

በመጀመሪያ አዛውንቱን ጠየቅኳቸው። የስቲንግ ሬዩን ቅስት የቆረጠው ወንድማቸው ነው፤ የእናታቸውን የወጥ ቤት ቢላ በምድጃ ላይ አግሎ፣ ግራውንም ቀኙንም እርሱ ሲቆርጥ እርሳቸው በባትሪ ያበሩለት ነበር። ወንድማቸው ዛሬ በሕይወት የለም። መኪናውን በእጃቸው ይዘው ጠርዙን በጣታቸው ሲዳስሱ ካየሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ብቻ አጥቤ መለስኩላቸው። የተማርኩትን የቅስት አበያየድ በሌላ ቦዲ ላይ እሞክረዋለሁ።

በማስታንጉ ላይ የሆነውን ግን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን በዝርዝር ልጻፈው። ሰማያዊው ቀለም በአልኮሉ ውስጥ አራት ሰዓት ገደማ ከቆየ በኋላ እንደ እርጥብ ወረቀት እየተጠቀለለ ተነሣ። በሁለተኛው ዙር የግራውን በር ስቦርሽ ከቀለሙ ሥር ጥቁር ነገር ሲሟሟ አየሁና ለጊዜው ሌላ የቀለም ንብር መሰለኝ። ወደ ቀኙ በር ስሻገር ነው በእጅ የተጻፈ 7 ቁጥር መሆኑ የገባኝ፤ ወዲያው ቦዲውን ከአልኮሉ አውጥቼ በውኃ አጠብኩት። የቀኙ ቁጥር ተርፏል፣ የግራው ግን ጠፍቷል። ቁጥሩን አዛውንቱ ራሳቸው ረስተውት የነበረ ቢሆንም በጣም አዝኜበታለሁ። ቀለም ከተነሣበት በኋላ እያንዳንዱን ጎን ለብቻው በጥጥ እየሞከርኩ ብሠራ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። የቀኙን በር አሁን ማንም አይነካውም።

የጂቲ 40 ምሰሶ በተነገረኝ መንገድ ተበይዶ፣ ቀለበትም ለብሶ፣ ብሎኑን ያለ ሥጋት ተቀብሏል። መስታወቱም ጠርቷል። አንድ ነገር ብቻ አሳስቦኛል፤ ምሰሶው ከተተከለበት በላይ፣ በውጭኛው ገጽ ላይ፣ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት የምትታይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ትንሽ ስርጉድ ተፈጥራለች። ሥራውን ስጀምር አልነበረችም። ምን ላድርግ?

ተንደርጄት ሰብሳቢ

ስርጉዷ የመጣችው ቀለበቱን ሲበይዱ ፈሳሹ በምሰሶው ሥር ተጠራቅሞ የቦዲውን ግድግዳ በውፍረቱ ልክ ስላለሰለሰው ነው። ከውስጥ ሲደርቅ የውጭውን ገጽ ወደ ራሱ ይስበዋል። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ቀለበቱን ሲበይዱ ፈሳሹን በምሰሶው ጫፍ በኩል ብቻ ያስነኩትና ቦዲውን ጎማው በሚገባበት በኩል ወደ ታች አድርገው ይያዙት፤ ትርፉ ወደ ጣሪያው ሳይሆን ወደ ምሰሶው ጫፍ እንዲወርድ ነው።

አሁን ምንም አይሙሉበት፣ አያለስልሱትም። አሟሚው ከወፍራም ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ገጹም በዚያ ጊዜ ውስጥ መንቀሳቀሱን አያቆምም። ቦዲውን ከሻንሲው ለይተው፣ ፀሐይ በማያገኘውና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ለአንድ ወር ይተዉት። ከዚያ በኋላም ስርጉዷ ከጎን ብርሃን ብቻ የምትታይ ከሆነች እንዳለች ትቅር እላለሁ፤ ጂቲ 40ው ላይ ፋብሪካው ያሳለፈው መስመር ካለ በማለስለስ የሚጠፋው መስመር ከስርጉዷ ይበልጥ ያስቆጫል። ጥልቅ ሆና ከቀረች ግን የቀድሞው ባትላሜራ የነገሩዎትን የፍቅፋቂ ሙሌት በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ በሁለት ሦስት ሥሥ ዙር፣ በየዙሩ ሳምንት እየጠበቁ ያኑሩበት። ፍቅፋቂውን ከሌላ መኪና አያምጡ፤ ከራሱ ከቦዲው ውስጠኛ ገጽ፣ ከኮፈኑ ሥር ወፈር ካለው ቦታ፣ የሚፈለገው ያህል ይገኛል።

ለልጅ ልጃቸው ሲሰጡም መኪኖቹ የሚቀመጡበትን ነገር አብረው ያስቡበት። አሮጌ ለስላሳ ጎማ ከፖሊስታይሪን ጋር ለዓመታት ተነካክቶ ከተቀመጠ ከውስጡ የሚወጣው ዘይታማ ነገር ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ስለዚህ ትርፍ ጎማዎችን ከቦዲዎቹ ጋር በአንድ ከረጢት አያኑሩ፣ እያንዳንዱን መኪና ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ይጠቅልሉ። ከጣሪያ ሥርም አያስቀምጧቸው፤ የሜሪላንድ የበጋ ሙቀት እዚያ ሲጠራቀም ሥሥ የቦዲ ጠርዝ ሊያጣምም ይችላል።